ማንም ያልተከለው ችግኝ

ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በአንድ ጀንበር 700 ሚሊዮን ችግኝ ለመትከል ዘመቻ ተደረገ፤ ዕቅዱ መሳካቱም ተነገረ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የተነገረው ቁጥር ከ350 ሚሊዮን በላይ ነበር። ቁጥሩ በየክረምቱ ያድጋል። ችግኝ በሁለት ሜትር ርቀት ቢተከል አንድ ሄክታር 2,500 ይይዛል፤ በዚህ ስሌት የአንዲቱ ቀን ተከላ ብቻ 280,000 ሄክታር መሸፈን ነበረበት፤ የዘመቻው ጠቅላላ ግብ የሆነው 50 ቢሊዮን ደግሞ 20 ሚሊዮን ሄክታር። ኢትዮጵያ በቦን ቻሌንጅ የተራቆተ መሬቷን መልሳ ለማልማት ቃል የገባችው 15 ሚሊዮን ሄክታር ነው። እርግጥ ከችግኙ ከፊሉ ቡና፣ ፍራፍሬና የከብት መኖ ስለሆነ ስሌቱ ግምታዊ ነው። ቢሆንም የነገሩን ስፋት ያሳያል።

ቁጥሩ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ሌሎች በሰፊው ስላካሄዱት አልገባበትም። የእኔ ክስ ከዚያ ይከብዳል፤ ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ ችግኝ ድረስ እውነት ቢሆን እንኳ ስለ ደን የሚነግረን ነገር የለም። ይህን ከክሮይደን ሆኜ መጻፌ ለአንዳንዱ አንባቢ የሩቅ ተመልካች ሐሜት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በደቡብ ለንደን ባለን ኢትዮጵያውያን መካከል ክረምት በመጣ ቁጥር የሚዞረው መዋጮም የተቀረጸው በዚያው ቁጥር አምሳል ነው፦ በአንድ ፓውንድ አንድ ችግኝ። ገንዘቡ የሚመጣው ከሌሊት ተረኛ ነርስ፣ ከታክሲ ነጂ፣ ከጽዳት ሠራተኛ ነው። የሚገዛው ምን እንደሆነ መጠየቅ የሰጪዎቹ መብት ነው።

ከዛፎቹ ልጀምር። በአንድ ቦታ አብረው የሚያድጉ ዝርያዎች ያላቸው ግንኙነት አንድ መልክ የለውም። ጆሴፍ ኮኔልና ራልፍ ስላትየር የተባሉ የሥነ ምኅዳር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን በሦስት መንገድ ከፍለው አስቀምጠውታል። ቀድሞ የበቀለው ተክል ለሚከተለው መንገድ ይጠርግለት ይሆናል፤ ሳይረዳውም ሳይጎዳው ዝም ሊለው ይችላል፤ ወይም ጨርሶ ሊከለክለው ይችላል። ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመው ምርምር የጨመረው ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ እነዚህ ግንኙነቶች በአንድ ተራራ ላይ፣ በሁለት ዝርያዎች መካከል እንኳ፣ ደኑ እያገገመ ሲሄድ ይፈራረቃሉ። የዛሬው ረዳት የነገ ተቀናቃኝ ነው፤ የዛሬው ከልካይም ተቆርጦ ወይም አርጅቶ ሲወድቅ ለሌላው በር ይከፍታል።

ደደሆንና ወይራን እንውሰድ። ደደሆ ማንም ችግኝ ጣቢያ የማያፈላው፣ ማንም ባለሥልጣን ፎቶ የማይነሣበት ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉን ፍየል እንኳ እምብዛም አትወደውም። ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ የምታርፈው ግን በእርሱና በመሰሎቹ ላይ ነው እንጂ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም፤ ዘሩም ከሥሩ ይወድቃል። ሥሩ ጥላ አለ፤ አፈሩ የረገፈ ቅጠል ጠግቧል፤ የከብት አፍም በቀላሉ አይደርስም። ራፍ ኤርትስና ባልደረቦቹ በትግራይ ወይራን ከቁጥቋጦ ሥርና ከቁጥቋጦ ውጭ ተክለው አነጻጽረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ውጤት ከቁጥቋጦ ሥር የተተከለው በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ከተራቆተው መሬት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል። ወይራው ከደደሆው በላይ ይወጣል፤ ብርሃኑን ይወስዳል፤ ውሃውን ይሻማል፤ ያሳደገችውን ሞግዚት ቀስ በቀስ ያደርቃታል። በመጀመሪያው ዓመት ደደሆው ባይኖር ወይራው አይኖርም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ወይራው ስላለ ደደሆው አይኖርም። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ስለ አንድ ጥንድ ተክል የተነገሩ ናቸው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ጽድም የራሱ ጠባይ አለው። ብርሃን ወዳድ ስለሆነ ገላጣ ቦታ ላይ ፈጥኖ ይነሣል፤ ጥላው ሲጠብቅ ግን የገዛ ልጆቹ ከሥሩ እምብዛም አያድጉም። ቦታውን የሚረከቡት ጥላ የሚችሉ ሌሎች ዝርያዎች ናቸው። ኮኔልና ዳንኤል ጃንዘን በ1970ዎቹ መባቻ ለየብቻ እንዳመለከቱት፣ በእናት ዛፍ ዙሪያ የዚያ ዝርያ ጠላቶች የሆኑ ነፍሳትና ሻጋታዎች ስለሚጠራቀሙ፣ ከእናቱ ርቆ የወደቀ ዘር የተሻለ ዕድል ያገኛል። ስለዚህ በማገገም ላይ ያለ ደን ውስጥ ዋናው ጥያቄ «ስንት ዛፍ አለ?» አይደለም። ዋናው ጥያቄ «ከዚህ ዛፍ ሥር እየመጣ ያለው ማን ነው?» የሚለው ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ቤንት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም እ.ኤ.አ. በ1991 ባቀረቡት ጽሑፍ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር በሒሳብ አሳይተዋል፦ ሠራተኛ ሁለት ሥራ ኖሮት አንዱ የሚቆጠር፣ ሌላው የማይቆጠር ቢሆንና በሚቆጠረው ብቻ ብትሸልመው፣ የማይቆጠረውን ሥራ ይተወዋል። ስንፍና ወይም ክፋት አያስፈልገውም፤ ሽልማቱ ራሱ ያዝዘዋል። በችግኝ ዘመቻ የሚቆጠረው ጉድጓድና ችግኝ ነው። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚላከው ሪፖርት ደደሆ፣ አጋም፣ ክትክታ የሚባል ዓምድ የለውም። ዓምድ የሌለው ነገር ደግሞ እንቅፋት ይሆናል። ስለዚህ ለተከላ ቦታ «ሲዘጋጅ» ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመነጠረው ያው ቁጥቋጦ ነው። በነጻ የቆመውን ሞግዚት ነቅለን ሕፃኑን ባዶ ሜዳ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ከዚያ በጀት መድበን ውሃ እንዲያጠጡት ሰዎች እንቀጥራለን። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ የካፒታል ውድመት ነው፤ በሒሳብ መዝገቡ ግን ኢንቨስትመንት ተብሎ ይመዘገባል።

«እኛ የምንቆጥረው የተተከለውን ብቻ ሳይሆን የጸደቀውንም ነው» የሚል መልስ ይመጣል። የጽድቀት መጠን ከተከላ ቁጥር ይሻላል፤ አልክድም። ግን እርሱም ስቶ ያያል። ደን እያደገ ሲሄድ ከዛፎቹ ብዙዎቹ መሞታቸው የጤና ምልክት ነው፤ በሄክታር 2,500 ሆኖ የተጀመረ ተክል ትልቅ ደን ሲሆን 2,500 ትልልቅ ዛፍ አይሸከምም። መቶ በመቶ የጸደቀ፣ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ዝርያ፣ በቀጭን ግንድ ተፋፍጎ የቆመ ተክል፣ ከሥሩ አንዲት የሌላ ዝርያ ቡቃያ ከሌለችው፣ የእንጨት እርሻ ነው። የእንጨት እርሻ ነውር የለበትም፤ ስሙ ግን ደን አይደለም። በአንጻሩ ከተተከለው ሦስት አራተኛው የሞተበት፣ ነገር ግን ማንም ያልተከላቸው ወይራ፣ ብሳና፣ ዋንዛና ጥቁር እንጨት ራሳቸው የገቡበት ተዳፋት በሪፖርቱ «የከሸፈ» ይባላል።

በሌላው ጽንፍ ያሉትንም ሳልነካ አላልፍም። በዚህ አገር የመጻሕፍት መደብሮች ዛፎች እርስ በርስ ይዋደዳሉ፣ ከመሬት በታች በሻጋታ ክር ተያይዘው ልጆቻቸውን ይመግባሉ የሚሉ መጻሕፍት በብዛት ይሸጣሉ። የሱዛን ሲማርድ የ1997 ጥናት በርችና ዳግላስ ፈር በተባሉ ዛፎች መካከል የካርቦን ዝውውር መኖሩን በእርግጥ አሳይቷል። ጀስቲን ካርስትና ባልደረቦቿ ግን በ2023 ማስረጃውን መልሰው መርምረው፣ ከዚያ ጥናት ላይ ለሕዝብ የተገነባው ትረካ ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ መሆኑን ጽፈዋል። ደደሆ ወይራን አይወድም። ጥላ መስጠቱ ፍቅር አይደለም፤ ወይራው በኋላ መግደሉም ክህደት አይደለም። እንዲህ ያለው ትረካ ጉዳት ያመጣል የምለው፣ ግንኙነቱን ዘላለማዊ አድርጎ ስለሚያቀርበው ነው፤ የደን አያያዝ ጥበብ ግን ያለው መቼ እንደሚለወጥ በማወቅ ላይ ነው።

ይህ የድሃ አገር ስሕተት ብቻ አይደለም። ከምኖርበት ከክሮይደን በስተሰሜን ያለው ኖርዉድ ስሙን ያገኘው ግሬት ኖርዝ ዉድ ከተባለው ጥንታዊ ዱር ነው፤ «ሰሜን» የተባለውም ከክሮይደን አንጻር ስለሆነ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የክሮይደን ከሰል አክሳዮች በለንደን የታወቁ ነበሩ፤ ቲያትር ሳይቀር ተጽፎባቸዋል። የኦክ ዛፍ ለግንድ ይተው ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሆርንቢም የተባለው ዛፍ ደግሞ በየተወሰነ ዓመት እስከ ጉቶው እየተቆረጠ እንደገና ያቆጠቁጥ ነበር። መቁረጡ ብርሃን ስለሚያስገባ ኦክና ሆርንቢም አብረው ኖሩ። የድንጋይ ከሰል መጥቶ አክሳዮቹ ሥራ ሲፈቱ ሆርንቢም ወደ ላይ ተመዘዘ፤ ጥላውም ጠበቀ፤ ብርሃን ፈላጊው ኦክ ከሥሩ ልጅ ማሳደግ ተሳነው። ጎረቤቶቹ ያው ሁለቱ ናቸው፤ የተለወጠው የከሰል ዋጋ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በምኒልክ ዘመን የማገዶ እጦት ባሕር ዛፍን እንዳመጣ ለሚያውቅ አንባቢ ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1987 አንድ ሌሊት የነፈሰ ማዕበል በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ 15 ሚሊዮን ያህል ዛፍ ገነደሰ። የመንግሥትም የሕዝብም የመጀመሪያ ምላሽ ከዛሬው የእኛ ምላሽ ጋር አንድ ነበር፤ በከባድ መኪና መጥረግና እንደገና መትከል። ከክሮይደን ብዙም በማይርቀው በኬንት በሚገኘው ቶይስ ሂል ግን የተወሰነው ቦታ እንደወደቀ ተተወ። በርች ራሱ በቀለ፤ ከዚያም ከበርቹና ከወደቁት ግንዶች መካከል ሌሎቹ ተከተሉ። ውሎ አድሮ በርካታ የደን ሰዎች የደረሱበት ድምዳሜ፣ በብዙ ቦታ ጥርጊያው ከማዕበሉ የበለጠ ጉዳት አድርሷል፣ ችግኝ የተገዛበት ገንዘብም ከፊሉ በከንቱ ፈስሷል የሚል ነው። እንግሊዞች እሾህን የኦክ እናት አድርጎ የሚቆጥር የቆየ አባባል ነበራቸው፤ ረስተውት ነበር። እኛም ደደሆን ልንረሳ ቀርበናል።

የባሕር ዛፍን ነገር ብዙዎች «ጠላት» በሚል አንድ ቃል ይዘጉታል። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። ፈየራ ሰንበታ፣ ደምል ተከታይ፣ ሙሉጌታ ለምንህና እሸቱ ይርዳው በመናገሻና በሙነሳ ሻሸመኔ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ በባሕር ዛፍ፣ በፈረንጅ ጽድና በጥድ ተክሎች ሥር በርካታ አገር በቀል ዝርያዎች ራሳቸው በቅለው ተገኝተዋል። ሁኔታ ግን አለው፤ የዘር ምንጭ የሚሆን የተፈጥሮ ደን በአቅራቢያ መኖር፣ ብርሃን የሚያስገባ ጥላ፣ ከከብት መጠበቅ። የፈረንጅ ዛፍም ሞግዚት ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ሲደርስ ቦታ እንዲለቅ ከተደረገ።

በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ያለው የዲከረንስ እርሻ ደግሞ የገበሬውን ብልሃት ያሳያል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣር ይታጨዳል፤ ጥላው ሲጠብቅ ዛፉ ብቻውን ይቀራል፤ በአምስት ዓመት ገደማ ከሰል ይሆናል፤ ከዚያም መሬቱ ወደ ጤፍ ይመለሳል። ይህ ገበሬ የዝርያዎች ግንኙነት በጊዜ እንደሚለወጥ ከማንም ተመራማሪ በላይ ያውቃል፤ ኑሮውን የገነባው በዚያ ላይ ነው። ያልተዘጋጀበት የአንድ ዝርያ ብቸኝነት የሚያመጣውን አደጋ ነው። በቅርብ ዓመታት የገባው የዝገት በሽታ ዲከረንስን ሲመታ የብዙ ቤተሰብ ቁጠባ አብሮ ተመታ፤ የዚያ አካባቢ ባንክ ዛፉ ነበርና። በቻይና ጂያንግሺ በተካሄደውና በ2018 ውጤቱ በታተመው ሰፊ ሙከራ፣ 16 ዝርያ የተቀላቀለበት ተክል ከስምንት ዓመት በኋላ ያከማቸው ካርቦን ከአማካዩ ነጠላ ዝርያ ከእጥፍ በላይ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ልዩነቱ በመጀመሪያ አነስተኛ ሆኖ እያደር መስፋቱ ነው። በአንድ ክረምት ሪፖርት የሚለካ ሰው ይህን ጥቅም ከቶ አያየውም።

ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። «ቦታ ከልሎ መተው ለድሃው ውድ ነው፤ ችግኝ ግን ማንንም አይጎዳም» ይባላል። የተቃውሞው የመጀመሪያ ግማሽ ትክክል ነው። ተራራ ሲከለል ከብት ማሰማሪያ የሚያጣ ሰው አለ፤ እንጨት ለቅማ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ስብሰባው ላይ ግን የምትቀመጠው ከኋላ ነው። ለዚህም ነው ገንዘቡ ወደዚያ መሄድ ያለበት የምለው። በወላይታ ሁምቦ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው በመከለልና ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን በመግረዝ አገግሟል፤ መሬቱን የሚያስተዳድሩት ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ሸጠው ገቢ አግኝተዋል። ተራራው ባዶ መስሎ ነበር እንጂ ሥሩ አልሞተም ነበር። በመንዝ ጓሳም ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት የሣር መሬቱን ለዓመታት እየዘጋ ለዘመናት ጠብቋል፤ መከለል ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። እርግጥ ክልከላ የሚጸናው የአካባቢው ሸንጎ በሚሠራበት ነው፤ ጦርነት ባለበት ቀበሌ ጥበቃ ቅጠሩ ብሎ ከለንደን መጻፍ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ቦታ ችግኝም አይጸድቅም።

መሬቱ የማን ነው የሚለውም አብሮ ይነሣል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደን ባለቤትነትን ያውቃል። ይሁን እንጂ ከሃያ ዓመት በኋላ ወይራው የእርሱ ስለመሆኑ እርግጠኛ ያልሆነ ገበሬ በአምስት ዓመት የሚሸጥ ዛፍ ቢመርጥ ሞኝ አይደለም። በዘገምተኛ ዛፍ የምናስተምረው ከሆነ የረጅም ጊዜ ዋስትናውን አስቀድመን ማሳየት አለብን።

ሁሉም ክርክሬ የሚያርፈው ግን በዘር ምንጭ ላይ ነው። ማንም ያልተከለው ችግኝ ከሰማይ አይወርድም፤ እናት ዛፍ ይፈልጋል፤ ዘሩን የሚሸከም ወፍ ይፈልጋል። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ፤ አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር የሚሸፍኑ፣ በእርሻና በግጦሽ የተከበቡ ናቸው። ዓለማየሁ ዋሴ በእነዚህ ደኖች ባካሄዳቸው ጥናቶች ከብት እንዳይገባ የተከለለው ቦታ ቡቃያ የሚያሳድግ፣ ያልተከለለው ግን የሚረገጥና የሚነጭ መሆኑን አሳይቷል፤ ከማርጋሬት ላውማን ጋርም በየአጥቢያው የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ደክሟል። ካብ በሌለበት ደን ከላይ ግርማ ሞገስ አለ፤ ከታች ልጅ የለም። እነዚያ ዛፎች ልጅ ሳይተኩ ሲያልፉ በዙሪያቸው ያለው ተዳፋት በነጻ የማገገም ዕድሉ አብሮ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ በእርግጥም ችግኝ ከመግዛት በቀር አማራጭ አይኖረንም። ዛሬ አለን።

ስለዚህ ለመዋጮው አስተባባሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ከአሥር ሺህ ፓውንድ አሥር ሺህ ችግኝ መግዛት ይቅር፤ ገንዘቡ ለአሥር ዓመት ይከፋፈል። ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን አጠገብ ያለ አንድ ተዳፋት ይመረጥ፤ ካብ ይሠራ፤ ጥበቃው በየወሩ ይከፈለው፤ ማሰማሪያ ላጡት የታጨደው ሣር በቅድሚያ ይሰጥ፤ እንጨት ትለቅም ለነበረችው ሴት ከክፍያው ድርሻ በስሟ ይመደብ። ደደሆውን ማንም አይንካው። የወፍ ዘር ከማይደርስበት ጥግ ብቻ፣ ከቁጥቋጦ ሥር፣ ጥቂት ወይራና ጽድ ይተከል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ደግሞ በተመደቡ አራት ማዕዘኖች ውስጥ ማንም ያልተከላቸው ቡቃያዎች በስም በስማቸው ይቆጠሩ፤ ወደ ክሮይደን የሚላከውም ሪፖርት ይኸው ይሁን። ለቆጠራው የሚያስፈልገው ገመድ፣ አራት ችካልና የዛፎቹን ስም የሚያውቅ አንድ የአካባቢው እረኛ ነው። የእርሱ አበል እስካሁን በመዋጮው ዝርዝር ውስጥ የለም።